ድመቶቼን አልበደልኳቸውም፦ አርቪ ውስጥ ከእንስሳት ጋር ስለመኖር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ጽሑፍ ልኮ «ይሄ ላንተ ነው» አለኝ። ሐሳቡ ባጭሩ «እንስሳ ይዞ አርቪ ውስጥ መኖር ግፍ ነው» የሚል ነው። አርቪ ለማያውቅ፦ አልጋ፣ ኩሽና፣ ሽንት ቤትና ሻወር ያለው ትልቅ መኪና ነው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ሰው ለሽርሽር ይገዛዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበትም አለ። ጸሐፊው ጥፋታችንን አንድ በአንድ ቆጥረዋል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሙቀት ይገድላቸዋል፤ ድመት መንገድ አይስማማትም፤ ቋሚ ሐኪም የላቸውም፤ ቤቱ ይሸታል፤ እንዲህ የሚኖሩት ኪራይ የሸሹ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻም «የአበሻ ወግ አይደለም» ብለው ዘግተውታል።

እኔ የተባለው ቤት ውስጥ ነኝ። አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለቤቴ ተዘዋዋሪ ነርስ ናት። ከአንድ ሆስፒታል ጋር ለ13 ሳምንት ትፈራረማለች፤ ሲያልቅ ሌላ ከተማ። እኔ ድሮ ትራክ እነዳ ነበር። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ዲስፓቸር ሆንኩ። ስልክና ላፕቶፕ ካለኝ የትም ተቀምጬ ለሾፌሮች ጭነት እፈልጋለሁ። መኪናችን ያገለገለ ክላስ ሲ (ከሾፌሩ ወንበር በላይ አልጋ ያለው ዓይነት) ነው። ርዝመቱ 31 ጫማ፣ ዘጠኝ ሜትር ተኩል ገደማ። ውስጡ አምስት ነን፦ እኔና እሷ፣ ከእንስሳት መጠለያ ያመጣነው ውሻችን ቡቺ፣ እንዲሁም ውሮና ሽሮ የሚባሉ እኅትማማች ድመቶች። ሽሮ ስሟን ያገኘችው በቀለሟ ነው።

እንግዲህ ጠባብነቱ። አዎ፣ ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ኮሪደሩ ላይ ሲተላለፍ አንዱ አልጋ ላይ መቀመጥ አለበት። ግን ከዚህ በፊት የት ነበርን? አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት። እኔ እዚያው ከተማ ዙሪያ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ ሁለት ቦታ ትሠራለች። ቡቺ በቀን አሥራ አንድ ሰዓት ብቻውን ይውል ነበር። አንድ ቀን በራችን ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። «ውሻችሁ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል» ይላል። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላወቅንም። እኛ እኮ ጸጥተኛ ውሻ ነው ያለን ብለን ለሰው ስናወራ ነበር! ስንገባ ጸጥ ይላል፤ ስንወጣ ምን እንደሚሆን በምን እናውቃለን።

ጸሐፊው ካሬ ሜትር ቆጥረዋል። ሰዓት አልቆጠሩም። ዛሬ ቡቺ ብቻውን የሚሆነው ምናልባት አስቤዛ ልገዛ ስወጣ ነው። ግቢ ስለሌለን ደግሞ በቀን አራት ጊዜ በእግር ይወጣል። ግቢ ያለው ሰው በሩን ከፍቶ «ውጣ» ይለዋል፤ እኔ ያ አማራጭ የለኝም። ዝናብ ቢዘንብ፣ ሾፌር ስልክ ላይ ቢጮህብኝ፣ መውጣት ግዴታ ነው። ድመቶቹን ካነሳን፣ ከሾፌሩ ወንበር በላይ ያለው አልጋ የእነሱ ነው። ሦስት በኩል መስኮት አለው። ወፍ ሲያዩ ይውላሉ። ወፉ ደግሞ በየሳምንቱ ይለዋወጣል።

ይሁን እሺ፣ አንድ ነገር ልመንላቸው። ሁለት ትልልቅ ውሻ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ቆም ብለህ አስብበት እለዋለሁ። ብዙ ካምፖች (አርቪ በክፍያ የሚቆምባቸው ግቢዎች) የእንስሳ ቁጥር ይገድባሉ። ፒትቡልና ሮትዋይለር ጭራሽ የማይቀበሉም አሉ። ብሔራዊ ፓርኮች ውሻ አይቀበሉም ያሉትም በከፊል ልክ ነው። የሎውስቶን ውስጥ ውሻ በእግር መንገዶቹም በእንጨት መተላለፊያዎቹም ላይ አይፈቀድለትም። ግን ግራንድ ካንየን ደቡቡ ጫፍ ላይ በገመድ ይዘውት ይሄዳሉ። ዋይት ሳንድስና ፔትሪፋይድ ፎረስት ደግሞ ውሻ በደስታ ነው የሚቀበሉት። ቡቺ ነጩን አሸዋ መጀመሪያ ሲያይ በረዶ መስሎት ላሰው። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ያታለልኩት ነው የመሰለው።

ሙቀቱ ላይ ግን ልከራከር አልፈልግም። ሙቀት ይገድላል። እንዲያውም ጸሐፊው ያሉት አንሷል። ውጭው 21 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ደስ የሚል አየር ሆኖ እንኳ የተዘጋ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት 40 ሊደርስ ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ብዙም አይረዳም። ውሻ እንደኛ በላቡ አይቀዘቅዝም፤ የሚያድነው ማለክለክ ነው። የሚስበው አየር ራሱ ሲግል ማለክለኩም ዋጋ ያጣል።

የምለያየው «ስለዚህ አይቻልም» ሲሉ ነው። እንዴት እንደሚቻል ደግሞ በመጽሐፍ አልተማርኩትም።

ሁለተኛው ዓመታችን ነበር። ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ አካባቢ፣ ጁላይ። ካምፕ ውስጥ ለእያንዳንዱ መኪና መሬት ላይ የቆመች የኤሌክትሪክ ሳጥን አለች። የእኛ መኪና 30 አምፕ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ3,600 ዋት በላይ አይስብም። ከኤሲው (ከአየር ማቀዝቀዣው) ጋር ማይክሮዌቭና የኤሌክትሪክ ምድጃ ካበራህ ብሬከሩ ይወርዳል። ይህን እናውቃለን፤ እንጠነቀቃለን። ያላሰብነው የጎረቤቶቻችንን ኤሲ ነው። ከሰዓት በኋላ ካምፑ በሙሉ ኤሲ ሲያበራ ቮልቴጁ መውረድ ጀመረ። መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ የሚጠብቅ መሣሪያ ሰክተናል። 120 ቮልት መሆን የነበረበት ከ104 በታች ሲወርድ፣ የኤሲው ሞተር እንዳይቃጠል ብሎ መብራቱን ይቆርጣል። ቆረጠው። ሥራውን ነው የሠራው። ኤሲውን አዳነው፣ ሦስት ነፍስ ግን ውስጥ አለ።

እኔ ሱፐርማርኬት ነኝ። ሽንኩርት እየመረጥኩ ስልኬ ጮኸ። መኪናው ውስጥ የራሱ ሲም ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ አለ። ዋይፋይ የማይፈልግ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋላ። «28 ዲግሪ» ይላል። ጋሪውን እንዳለ ትቼ ሮጥኩ። ቀይ መብራት ላይ ሳየው 30። ትንሽ ቆይቶ 31። ስደርስ 33 ሆኗል። ቡቺ ሻወሩ ወለል ላይ ሆዱን ለጥፎ ያለከልካል። ድመቶቹ አልጋ ሥር ገብተዋል። ጀነሬተሩን አስነሳሁ፣ ኤሲውን አበራሁ፣ ፎጣ አርሼ የቡቺን ሆድና መዳፎች አበስኩ። ከዚያ እኔም አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ አልቆም አለኝ።

ማታ ባለቤቴ ከሺፍት ስትመለስ ነገርኳት። ምንም አላለችም። ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ቁጭ ብላ፣ መብራት ሲቆረጥ ጀነሬተሩን በራሱ የሚያስነሳ መሣሪያ አዘዘች።

አሁን ሥርዓት አለን። ጀነሬተሩ በራሱ ይነሳል። ውጭው ከ27 ዲግሪ ካለፈ ከአሥር ደቂቃ መንገድ በላይ አንርቅም። መስኮቱ ላይ ውስጥ ያለውን ሙቀት የሚያሳይ ሰሌዳና ስልክ ቁጥራችን ተለጥፏል። ካልሆነ መንገደኛ «ውሻ መኪና ውስጥ ተዘግቶበታል» ብሎ ፖሊስ ይጠራል። ቢጠራም አልቀየመውም። በርካታ ግዛቶች ውስጥ መስታወት ሰብሮ እንስሳ ማውጣትን ሕግ ይፈቅዳል።

ደግሞ «ሶላር አለኝ» የሚል ሰው እንዳያታልላችሁ። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፕ-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ብዙ ይመስላል። የጣራ ኤሲ 1,400፣ 1,500 ዋት ይበላል። ሒሳቡን ብትሠሩት ሁለት ሰዓት አይሞላም። ዋናው መድኃኒት ወቅቱን መከተል ነው፤ በሙቀቱ ወራት ወደ ሰሜን ወይም ወደ ተራራ፣ በብርዱ ወደ አሪዞና። የባለቤቴ ሥራ ይህን ካልፈቀደ፣ ያን ኮንትራት አንፈርምም። ጸሐፊው «እንስሳው የሰውየውን ሕይወት ይከተላል» ብለዋል። እኛ ቤት የአሪዞናዋን ፊኒክስ በጁላይ ሙቀት እምቢ ያስባለን ቡቺ ነው። ደመወዙ ጥሩ ነበር፣ ምን ይደረግ።

ወደ ድመት ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው «ድመት ከቤት እንጂ ከሰው አትዛመድም» የሚለውን የቆየ ወሬ ነው የደገሙት። እናቴም ትለዋለች። ግን በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን ፈትሸውታል። የድመት ግልገል ከባለቤቷ ጋር እንግዳ ክፍል ትገባለች። ባለቤቷ ለሁለት ደቂቃ ትቷት ይወጣል። ሲመለስ ምን ታደርጋለች? ወደ 64 ከመቶ የሚሆኑት ሰውየው ሲመለስ ተረጋግተው ክፍሉን መቃኘታቸውን ቀጠሉ። በሕፃናት ላይ የሚታየው ዓይነት መተማመን ነው። በእንግዳ ቦታ ድመቷን የሚያረጋጋት የምታውቀው ሰው ነው ማለት ነው። ውሮን ያየ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልገውም። መኪናው የትም ይቁም፣ ማታ የምትተኛው የባለቤቴ ብብት ሥር ነው።

መንገዱ ራሱ ግን ይከብዳቸዋል። ይህን አልክድም። የመጀመሪያው ጉዞ መከራ ነበር። ሽሮ ገና ከቨርጂኒያ ሳንወጣ ሁለት ጊዜ አስመለሰች። ውሮ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደ ሙሾ አውራጅ ጮኸች። ያኔ ጸሐፊው አጠገቤ ቢቀመጡ ኖሮ ጽሑፋቸውን እኔ ራሴ እፈርምላቸው ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ጋባፔንቲን የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት አዘዘችልን። ከዚያ እንደገና ከዜሮ ጀመርን። ለአንድ ሳምንት መኪናው ቆሞ ሞተሩን ብቻ እናስነሳለን፣ የሚወዱትን እንሰጣቸዋለን፣ እናጠፋለን። ቀጥሎ አሥር ደቂቃ መንዳት። ቀጥሎ አንድ ሰዓት። አሁን ሳጥኖቻቸው በወንበር ቀበቶ ይታሰራሉ፣ ጨርቅ ይለብሳሉ፣ እነሱም ይተኛሉ። በቀን ከአራት ሰዓት በላይ አንነዳም። መድኃኒቱን ከተውነው ቆየን።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ቢያነሱት ኖሮ እውነትም የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነገር አለ። ስላይድ። መኪናው ሲቆም በሞተር ወደ ውጭ የሚገፋ የክፍሉ ግድግዳ ነው፤ ሳሎኑን ያሰፋል። ለመንገድ ሲሆን ቁልፍ ተጭነህ መልሰህ ታስገባዋለህ። ሥሩ ድመት የምታልፍበት ክፍተት አለ። ድመት ደግሞ ክፍተት ካየች አለቀ።

ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ጠዋት ለመነሳት እየተዘጋጀን ነው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። «ሁሉም አለ?» አልኩ። ባለቤቴ ቆጠረች። ቡቺ፣ አለ። ሽሮ ሳጥኗ ውስጥ። ውሮ... የለችም። አልጋ ሥር የለችም። ቁም ሣጥን ውስጥ የለችም። ሻወር ውስጥ የለችም። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተኝታ በስልኳ መብራት ስታበራ፣ በስላይዱ ሥር የጅራት ጫፍ አየች። ጣቴን ከቁልፉ ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የቱና ቆርቆሮ ከፍተን አርባ ደቂቃ ለመንናት። ስትወጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቱናውን በልታ አፏን አበሰች። ከዚያ ወዲህ ሦስቱንም በስም ሳንጠራና በዓይናችን ሳናይ ያ ቁልፍ አይነካም። ተጣድፈንም ቢሆን፣ ተጣልተንም ቢሆን።

በሩም እንደዚያው ነው። ሽሮ የተከፈተ በር ስታይ ነፍሷን አታውቅም። ሁለቱም ድመቶች ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚቀበር መለያ) አላቸው። አንገታቸው ላይ ስልክ ቁጥራችን አለ። ቺፑ ላይ የተመዘገበው ስልክ የማይቀየር መሆን አለበት፤ አድራሻ ያለው ሰው ይህን አያስብም።

ሐኪምን በተመለከተ በአጭሩ። ቋሚ ሐኪም የለንም፣ ልክ ነው። ግን በብዙ ግዛት ቅርንጫፍ ያላቸው የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ፤ አንዱ ጋ የተከፈተው ፋይል ሌላው ጋም ይታያል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጀመሪያ ለአንድ ዓመት፣ ከዚያ ለሦስት ዓመት የሚያገለግል አለ፤ ወረቀቱ ከመኪናው ሰነድ ጋር ይቀመጣል። ካምፕም፣ የካናዳ ድንበርም ይጠይቃል። ከካናዳ ስትመለስም ጉዳይ አለ። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ሁሉ፣ አሜሪካዊም ቢሆን፣ ስድስት ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት። ፎርምም ይሞላለታል።

ይልቅ የሚከብደው በሽታው እንደ አገሩ መለያየቱ ነው። ደቡብ ምሥራቅ ስትሄድ በትንኝ የሚተላለፍ የልብ ትል አለ፤ በየወሩ መድኃኒት ትሰጠዋለህ። ሰሜን ምሥራቅ መዥገር። አሪዞና ደግሞ ቫሊ ፊቨር የሚባል፣ አፈር ውስጥ ካለ ፈንገስ የሚመጣ የሳንባ በሽታ፤ አፈር የሚቆፍርና የሚያሸት ውሻ ይበልጥ ይጋለጣል። ስለዚህ ውሻህ አሪዞና ከርሞ ሌላ ግዛት ቢያስል፣ የት እንደነበረ ለሐኪሙ ንገር። ሚቺጋን ያለ ሐኪም ቶሎ ላይጠረጥረው ይችላል።

ቾያ የሚባል ቁልቋልም አለ። እሾሁ ነካ ስታደርገው ቁራጩ ተገንጥሎ ይለጠፍብሃል። ቡቺ አሪዞና ውስጥ፣ ኳርትዛይት በምትባል ከተማ አጠገብ ባለው በረሃ፣ መዳፉ ላይ ተለጠፈበት፤ በአፉ ሊነቅል ሲል ከንፈሩ ላይም ተለጠፈ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከኪሳቸው የፀጉር ማበጠሪያ አውጥተው ከሥሩ አስገቡና በአንድ ጊዜ ፈነቀሉት። «ያለ ማበጠሪያ በረሃ አይወጣም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሰ በራ ሆኜ ሳለሁ ኪሴ ማበጠሪያ አይጠፋም።

ሽታው? የድመት አሸዋውን በቀን ሁለት ጊዜ እናጸዳለን፣ የጣራው ማራገቢያ ይሠራል፣ አለቀ። እንዲያውም ትንሽ ቤት ውስጥ ሽታ ቸል አይባልም። አንድ ቀን ብትዘነጋ አንተው ራስህ ነህ የምትቀጣው። የድመት አሸዋ ግን የመኪናው ሽንት ቤት ውስጥ አይጨመርም። ታንኩ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ነው የሚሆነው። እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ።

«ኪራይ ሽሽት ነው» ያሉት አሳቀኝ። መኪናችን በአንድ ጋሎን ስምንት፣ ዘጠኝ ማይል ነው የሚሄደው። ጎማው ገና አዲስ ቢመስልም በእድሜው ይቀየራል። ኢንሹራንሱ ለሽርሽር ከሚነዳው ይለያል። በወር የምንከፍለው ካምፕ አለ፤ መብራት በቆጣሪ ለብቻ። ርካሽ የሆነበት ወቅት የለም ማለቴ አይደለም። ኳርትዛይት አጠገብ የመንግሥት መሬት ላይ፣ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለሚቆየው ወቅት የከፈልነው 180 ዶላር ነው። ግን መብራት የለም፣ ቧንቧ በርህ ድረስ አይመጣም። ለመቆጠብ ብሎ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚቆጥበው ከእንስሳው ላይ እንዳይሆን ብለው ቢጽፉ ኖሮ ግን አጨበጭብላቸው ነበር። ጀነሬተርና የሙቀት መቆጣጠሪያ መግዛት ያልቻለ፣ በሙቀቱ ወራት ውሻ ይዞ ባይወጣ ይሻላል። ይህን ስል ሰው እንደማይወድልኝ አውቃለሁ።

ወደ «የአበሻ ወግ አይደለም» ልሂድ። የውሻውን ነገር እረዳለሁ። እኔም ያደግሁት ውሻ ደጅ በሚያድርበት ቤት ነው። ውሻው ቤት ከገባ እናቴ መጥረጊያ ታነሳ ነበር። አሁን በቪዲዮ ስንደዋወል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ያ ውሻ አልጋ ላይ ይወጣል?» ነው። «አይወጣም» እላለሁ። ቡቺ ከኋላዬ አልጋ ላይ ሆኖ ያዛጋል። እሷም ታያለች። ሁለታችንም እንዳላየን እናልፋለን።

ግን ጸሐፊው ከዚያ አልፈው «አበሻ ቤቱን ተክሎ የሚኖር ሕዝብ ነው» አሉ። እንዴ! አፋር አርብቶ አደሩ የሰሌን ቤቱን ግመል ላይ ጭኖ ከፍየሎቹ ጋር ሲዘዋወር የማን አገር ሰው ነው? ቦረናውስ? ሶማሌውስ? ደገኛውም ቢሆን፣ ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም። የድንኳን ከተማቸውን ነቅለው፣ በበቅሎ ጭነው፣ ሣሩና እንጨቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዱ ነበር። አፄ ፋሲል ጎንደርን ቋሚ መቀመጫ አድርገው የቆረቆሩት ገና በ1636 እንደ ፈረንጆቹ ነው። እንግዲህ የንጉሥ ልማድ የነበረ ነገር እኔ ጋ ሲደርስ ነው ወግ ያልሆነው?

በሚቀጥለው የብርድ ወቅት ባለቤቴ አሪዞና ውስጥ ልትፈርም እያሰበች ነው። ጸሐፊው በዚያ በኩል ካለፉ ይምጡ። ጀበናውም፣ ከሰሉም አለ፤ ውጭ ድንኳን ሥር ነው የምናፈላው። ቡቺ ይጮህቦት ይሆናል፣ ሁለት ደቂቃ ነው። በሩን ሲከፍቱ ብቻ እግርዎን አስቀድመው በክፍተቱ ያስገቡ፤ ሽሮ ከበሩ ሥር ቆማ ነው የምትጠብቀው።